የአዲስ አበባ ገቢ ማስረጃ ሲጎድል፦ ውጭ አገር ሆኖ ለግብር ማሟያ

ውጭ አገር በገባችሁበት ዓመት ግብር ስታሳውቁ አዲስ አበባ ያገኛችሁት ገቢ መነሳቱ አይቀርም፤ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የባንክ ወለድ፣ የአክሲዮን ትርፍ ድርሻ። ብዙ ሰው በዚያን ሰዓት እጁ ላይ ያለው አንድ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ወዲያው አዲስ አበባ ላለ ወንድም ወይም እህት ይደወልና «ከመሥሪያ ቤት ወረቀት አውጡልኝ» ይባላል። ወረቀቱ ይወጣል፣ ይተረጎማል፣ ውጭ ጉዳይ ማህተም ይመታበታል፣ በሰው እጅ ይላካል። ሒሳብ ሠሪው ፊት ሲቀርብ ግን አንድም ጥያቄ አይመልስም። በየወሩ ስንት ተከፈለ፣ ስንት ግብር ተቆረጠ፣ በየትኛው ቀን የሚለው የለበትም።

ምክሬ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ በየወሩ የተዘረዘረ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ቀጥሎ የጎደለውን ብቻ የሚሞላ ወረቀት አስፈልጉ፤ ትርጉምና ማህተም ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ይምጣ። የግብር መሥሪያ ቤቶቹ፣ የአሜሪካው አይአርኤስም ሆነ የካናዳው ሲአርኤ፣ የእንግሊዙ ኤችኤምአርሲም ቢሆን፣ በተለመደው አሠራር የቀድሞ አሠሪን ደብዳቤ ከማሳወቂያው ጋር አያይዙ አይሉም። የሚፈልጉት በኋላ ቢጠይቁ ቁጥሩን የምትደግፉበት ማስረጃ ቤታችሁ እንዲኖር ነው። ማንም ሳይጠይቅ በኤምባሲ የተረጋገጠ ሰነድ ማሰናዳት ገንዘብም ጊዜም ያስጨርሳል።

የቱ ጊዜ ነው የሚፈለገው?

ሰው ከማስሮጣችሁ በፊት የትኞቹ ወራት እንደሚፈለጉ ለዩ። ግማሹ ልፋት እዚህ ላይ ይቀራል።

አሜሪካ በዲቪ ወይም በሌላ የኢሚግራንት ቪዛ የገባ ሰው ለግብር ነዋሪ የሚባለው፣ ቀደም ብሎ በሌላ ቪዛ እዚያ ካልቆየ በቀር፣ በቋሚ ነዋሪነት አገሩን ከረገጠበት ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተከፈለው ደመወዝ ለአሜሪካ ግብር አይገባም፤ ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል። ዓመቱ ለሁለት የተከፈለበት ሰው ግን ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለውን መደበኛ ተቀናሽ መውሰድ አይችልም። ብዙ ግብር ሠሪዎች ይህን ያልፉትና እንደማንኛውም ሙሉ ዓመት ነዋሪ ሞልተው ይልኩታል። ባለትዳሮች በጋራ ማሳወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነዋሪ ተብሎ መቆጠርን ፈርማችሁ መምረጥ አለባችሁ። ያን ከመረጣችሁ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ያለው የሁለታችሁም የአዲስ አበባ ገቢ በሙሉ ይገባል። በጋራ ማሳወቁ ለብዙ ቤተሰብ ያዋጣል፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያ የተከፈለው የሥራ ግብር በፎርም 1116 በኩል ይካካሳል። ማካካሻው ግን የተከፈለውን ግብር የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ሠንጠረዡ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አሜሪካና ኢትዮጵያ የጋራ የግብር ስምምነት የላቸውም። ማካካሻው የሚሰጠው በአሜሪካ በራሷ ሕግ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከሄዱ በኋላ የሚገባው ገንዘብ ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ፣ ቦነስ፣ የፕሮቪደንት ፈንድ ተመላሽ በአብዛኛው ክሊራንስ ካለቀ በኋላ፣ ማለትም ሰውየው አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ፣ ሒሳቡ ላይ ይገባል። አሜሪካ ለደመወዝተኛ የምትቆጥረው ገንዘቡ የተከፈለበትን ቀን ስለሆነ፣ ሥራው ቀድሞ ተሠርቶም ቢሆን ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ የገባ ክፍያ ይታወጃል። ሠንጠረዡን በመጨረሻው የሥራ ቀን አትዝጉት፤ ከዚያ በኋላ ያሉትንም ወራት የባንክ እንቅስቃሴ እዩ።

ካናዳ ግብር የምታስከፍለው ከገባችሁበት ቀን በኋላ ላለው ገቢ ነው። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት ያገኛችሁትን ግን መጠኑን ትጠይቃለች፣ አንዳንድ የግብር ቅናሾችን ለማስላት። ልጅ ላላቸው የልጆች ድጎማ ማመልከቻ የሆነው አርሲ66ኤስሲኤች ከመግባታችሁ በፊት ያሉትን 2 ዓመታትም ገቢ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ካናዳ የሚገባ ወላጅ ሠንጠረዡን ሰፋ አድርጎ ይጀምር። ጀርመን በመጣችሁበት ዓመት ከመምጣታችሁ በፊት ያገኛችሁትን ገቢ ግብር ባትጥልበትም የግብር መጣኔውን ከፍ ለማድረግ ትጠቀምበታለች። እንግሊዝ የመጡበትን ዓመት ለሁለት የመክፈል አሠራር አላት። በዚያ ላይ ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ቀደም ባሉት 10 ዓመታት ነዋሪ ያልነበረ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት የውጭ ገቢው ነፃ እንዲሆንለት መጠየቅ ይችላል። ነፃነቱ በጥያቄ እንጂ በራሱ አይመጣም።

ዘመን አቆጣጠሩ

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ በፈረንጆቹ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7። የአሜሪካና የካናዳ ግብር ዓመት ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። ይህ ቀን በእኛ ታህሳስ 23 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት በተከተለው ዓመት ደግሞ ታህሳስ 22 ነው። የእንግሊዙ ኤፕሪል 6 ምንጊዜም መጋቢት 28 ላይ ይውላል።

ደመወዝ በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ይከፈል ከነበረ፣ የ2023 የፈረንጅ ዓመት የሚይዘው ከታህሳስ 2015 እስከ ኅዳር 2016 ያሉትን 12 ክፍያዎች ነው። የታህሳስ 2015 ደመወዝ ጃንዋሪ 2023 መጀመሪያ ላይ ገብቷል፤ የታህሳስ 2016ቱ ወደ ጃንዋሪ 2024 ተሻግሯል። ለገና ሲባል አስቀድሞ የከፈለ መሥሪያ ቤት ካለ ግን አንዱ ወር ወደ ቀድሞው ዓመት ይገባል፤ በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት 13 ሌላው 11 ክፍያ ሊሆን ይችላል። ስሕተት አይደለም፤ ግን ማስታወሻ ጻፉበት። ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ የላትም። በፈረንጅ ወር የሚከፍሉ የውጭ ድርጅቶችም ስላሉ መጀመሪያ የእናንተ የቱ እንደነበር አጣሩ።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ አደጋ አለ። ደብዳቤው «ከ2010 እስከ 2015» ብሎ «ዓ.ም» የሚለውን ካልጨመረ፣ ተርጓሚው ዓመቱን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል። በዚያ ወረቀት መሠረት እናንተ ከመሄዳችሁ 8 ዓመት አስቀድሞ ሥራ አቁማችኋል። ደብዳቤው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር አብረው ይጻፉ፣ እያንዳንዱ ቀን።

ከተጣራው ወደ ጠቅላላው

ባንክ የሚያሳየው እጅ የገባውን ነው። ለግብር የሚፈለገው ግን ጠቅላላው ነው፤ መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበል፣ ትርፍ ሰዓት፣ ቦነስ፣ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ። ፔሮል ካልተገኘ ወደኋላ ማስላት ይቻላል፣ ምክንያቱም የሥራ ግብር ሠንጠረዡ የታወቀ ነው።

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከወር 10,900 ብር በላይ ለሆነ ደመወዝ ግብሩ ጠቅላላው በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ብር ሲቀነስለት ነው። ከ7,800 በላይ እስከ 10,900 ብር ላለው 30 በመቶ ሲቀነስ 955፤ ከ5,250 በላይ እስከ 7,800 ብር ላለው 25 በመቶ ሲቀነስ 565። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ነው። 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 4,200 ሲቀነስ 1,500፣ ማለትም 2,700 ብር ነው፤ ጡረታው 840፤ የሚደርሰው 8,460 ብር።

ይህን ወደኋላ ስንመልሰው፦ ከተጣራው ላይ 1,500 ቀንሱና ቀሪውን ለ0.58 አካፍሉ። 8,460 ሲቀነስ 1,500 የሚሰጠው 6,960 ነው፣ ለ0.58 ሲካፈል 12,000። በ30 በመቶው እርከን 955 ቀንሳችሁ ለ0.63 ታካፍላላችሁ። በ25 በመቶው 565 ቀንሳችሁ ለ0.68። የወጣው ጠቅላላ ከተጠቀማችሁበት እርከን ውጭ ከሆነ እርከኑን ቀይራችሁ ድገሙት።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ለተከፈለ ደመወዝ ይህ አይሠራም፤ ማሻሻያው አዋጅ 1395/2017 እርከኖቹን ቀይሯል። እስከ 2,000 ብር ነፃ ሆኗል፣ 35 በመቶው የሚጀምረውም ከ14,000 ብር በላይ ነው። ከ14,000 በላይ ላለው ተቀናሹ 2,050፣ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ላለው 1,350 ነው። ያው 12,000 ብር አሁን የሚከፈልበት ግብር 2,250፣ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው። በ2017 ሰኔና ሐምሌ መካከል ደመወዝ ሳይጨመር የተጣራው ቢዘል ምክንያቱ ይህ ነው፤ እድገት ነው ብላችሁ አትመዝግቡ።

ቀመሩ ክብ ቁጥር ካልሰጠ በመሐል ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። የተጣራው 8,160 ሆኖ ስታሰሉት 11,482.76 ከመጣ፣ ምናልባት 300 ብር ለብድርና ቁጠባ ማህበር ይቆረጥ ነበር። ወጪ መጋራት፣ የሠራተኛ ማህበር መዋጮ፣ የመሥሪያ ቤት ዕድር፣ ያስቀደማችሁት የደመወዝ ብድር ሁሉም ከተጣራው ላይ ነው የሚወጡት። መልሳችሁ ደምሯቸው፣ የራሳችሁ ገንዘብ ናቸውና። በተቃራኒው ከግብር ነፃ የሆነ የትራንስፖርት አበል ካለ ከተጣራው ላይ አስቀድማችሁ አውጡት፣ ቀመሩን ተጠቀሙ፣ ከዚያ ጠቅላላው ላይ ጨምሩት። እዚህ ነፃ የሆነ አበል እዚያም ነፃ ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው አገር እንደ ደመወዝ ይቆጥረዋል።

በዚህ ዘዴ የተሰላ ቁጥር ላይ «የተሰላ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ፤ ከፔሮል የተወሰደውን «ፔሮል» በሉት። ሁለቱን መቀላቀል በኋላ ራሳችሁንም ያደናግራል።

ደብዳቤው ምን ይበል

የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች የለመዱት ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጀምሮ፣ «በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው ሲሠሩ የነበሩ መሆኑን እንገልጻለን» ብሎ ያበቃል። የሚጠቅሰው የመጨረሻውን ደመወዝ ነው። ሒሳብ ሠሪ ይህን በ12 ያባዛዋል። ጭማሪ ሐምሌ ላይ ከነበረ፣ ጃንዋሪ እስከ ጁን ያልተከፈላችሁን ገንዘብ እንደ ገቢ ታሳውቃላችሁ፣ ግብርም ትከፍሉበታላችሁ።

ለሰው ሀብት ክፍል «ደብዳቤ ስጡኝ» ብቻ አትበሉ። ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ስጡ፤ የሚያስፈርመው ሰው ሥራ ስለሚቀልለት አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይተይበዋል። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«አቶ/ወ/ሮ ________ (የፓስፖርት ስም፦ ________)፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ________፣ በድርጅታችን ከ___ ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ___) እስከ ___ ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ___) ሠርተዋል። ከዚህ በታች ባለው ሠንጠረዥ በየወሩ የተከፈላቸው መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበል፣ ሌሎች ክፍያዎች፣ የተቀነሰ የሥራ ግብር፣ የሠራተኛው 7 በመቶ እና የድርጅቱ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ የተጣራ ክፍያና የተከፈለበት ቀን ተዘርዝሯል። የተቀነሰው ግብር በድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ________ ለ________ ቅርንጫፍ ገቢ ተደርጓል።»

ማህተሙ ደብዳቤው ላይ ብቻ ሳይሆን በአባሪው ሠንጠረዥ በየገጹ ይረፍ፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀንም አባሪው ላይ ይደገም። አለበለዚያ አባሪው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወረቀት ነው። የስም አጻጻፍም እዚሁ ይታረም። ቲን ላይ ያለው የላቲን ፊደል ከፓስፖርቱ ከተለያየ ሁለቱም በአንድ ደብዳቤ ላይ ይጠቀሱ፣ አንድ ሰው መሆናቸው ይገለጽ። አባት ስም ውጭ አገር የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚገባ አያት ስም የቀረበት ወረቀትም ጥያቄ ያስነሳል።

አሠሪው ፈቃደኛ ካልሆነ፣ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ሠራተኛው ሲጠይቅ በነፃ እንዲሰጥ አሠሪውን ያስገድዳል። የወር ዝርዝሩ ግን ከዚህ በላይ ስለሆነ በጨዋነት የሚገኝ ነገር ነው። ከሰው ሀብት ይልቅ ፋይናንስ ያለው ፔሮል የሚሠራ ሰው ቶሎ ይረዳል፤ ፋይሉ እሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። የበጀት መዝጊያው ሰኔና ሐምሌ ላይ ግን አትሂዱበት።

መሥሪያ ቤቱ ከቦታው ከሌለ

ይህ በመሐል ከተማ የተለመደ ሆኗል። በኮሪደር ልማቱ በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች አድራሻ ቀይረዋል፣ አንዳንዶቹም ዘግተዋል። የድሮው ደብዳቤ ራስጌ ላይ ያለው ሕንፃ ዛሬ መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሰው ልካችሁ በር ከማስፈለግ በፊት የድርጅቱን ቲን ያዙ፤ ደረሰኝ፣ የድሮ ፔስሊፕ ወይም ውል ላይ ይገኛል። ባለቤቱ ቢቀየርም ቦታው ቢፈርስም ፋይሉ የሚከተለው ቲኑን ነው።

አሠሪ በየወሩ የሥራ ግብር ሲያሳውቅ የሠራተኞቹን ስም፣ ቲን፣ ደመወዝና የተቆረጠ ግብር የያዘ ዝርዝር ያቀርባል። ይህ ዝርዝር ያለው አሠሪው በተመዘገበበት ቅርንጫፍ እንጂ እናንተ በምትኖሩበት ክፍለ ከተማ አይደለም። አንዳንዱ በገቢዎች ሚኒስቴር ሥር በከፍተኛ ወይም በመካከለኛ ግብር ከፋዮች ቅርንጫፍ ነው፣ ሌላው በአዲስ አበባ ገቢዎች ቢሮ ሥር በአራዳ፣ በቂርቆስ ወይም በልደታ። የተሳሳተ ቅርንጫፍ ሄዶ «ፋይል የለም» መባል ፋይሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የቅርንጫፉ ሠራተኞች መረጃውን ለሌላ ሰው መስጠት ስለማይፈቀድላቸው ግልጽ ውክልና ይጠይቃሉ። የተሳካው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የድርጅቱን ሒሳብ ይሠራ የነበረውን አካውንታንት ማግኘት ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ሰነድ ቢያንስ 5 ዓመት እንዲቆይ ስለሚጠይቅ እስከዚያ ያለው ብዙ ጊዜ አለ፤ ከዚያ ያለፈውን ከባንክ ታሰላላችሁ።

የጡረታ መዋጮ መዝገቡ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ። የሚያሳየው መሠረታዊ ደመወዝን ብቻ ነው፣ አበልና ትርፍ ሰዓት የለበትም። በኤምባሲና በዓለም አቀፍ ድርጅት የሠሩ ሰዎች ደግሞ ገቢዎች ዘንድ ምንም ላያገኙ ይችላሉ፤ ለእነሱ ድርጅቱ የሚሰጠው ወረቀት ብቸኛው ማስረጃ ነው።

ባንክ

ስቴትመንቱ የጀርባ አጥንት ነው፣ ምክንያቱም ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ታትሞ ይወጣል፣ ማንም ሊከራከርበትም አይችልም። ከሞባይል መተግበሪያ የሚወጣው ለቅርብ ጊዜ ብቻ ይጠቅማል። የሚያስፈልገው ቅርንጫፍ የሚያወጣው፣ በየገጹ ማህተም ያለው ነው። ጥያቄው ላይ ቀኑን ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ጻፉ፣ ከነመነሻ ቀሪ ሒሳቡ። «የ2015ን» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የትኛውን 2015 እንደሚያወጡላችሁ አታውቁም። ለብዙ ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ሒሳብ ተዘግቶ ወይም ታግዶ ሊሆን ስለሚችል ቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊመራችሁ ይችላል፤ አብዛኛዎቹ ዋና መሥሪያ ቤቶች ሰንጋ ተራ አካባቢ መሆናቸው ሯጩን ያቀልለታል። «ሲስተም የለም» ለሚባልበት ቀን ሌላ ጉዳይ አብሮ መያዝ ነው።

ስቴትመንቱ በእጃችሁ እያለ ወለዱንም አውጡ። ቁጠባ ላይ የሚታሰበው ወለድ በአዋጅ 979/2008 መሠረት 5 በመቶ ግብር ተቆርጦበት ነው የሚገባው፤ የሚታወጀው ከመቆረጡ በፊት ያለው ነው፣ የገባውን ለ0.95 ብታካፍሉ ይመጣል። የባንክ አክሲዮን ያላችሁ ደግሞ የትርፍ ድርሻው የጸደቀበትንና የተከፈለበትን ቀን ከባንኩ አክሲዮን ክፍል ጠይቁ። ጠቅላላ ጉባኤዎች ኅዳርና ታህሳስ ላይ ስለሚበዙ ክፍያው ጃንዋሪ 1ን ከወዲህ ወይም ከወዲያ ሊያርፍ ይችላል። ድርሻው በእጃችሁ ሳይገባ በፈቃዳችሁ ለአዲስ አክሲዮን መግዣ ቢውልም ገቢ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ፣ የውጭ ሒሳቦቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ ሒሳብ ማሳወቂያ መሙላት አለባችሁ። ይህ ከግብሩ የተለየ ነው፣ ገቢ ባይኖረውም ይሞላል። የኮንዶሚኒየም 20/80 እና 40/60 ቁጠባ ይቆጠራል፤ የእናትህ ሒሳብ ላይ ፈራሚ ከሆንክ እሱም ይቆጠራል።

ኪራይ

የቤት ኪራይ ላይ አብዛኛው ችግር ገንዘቡን የሚቀበለው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። አክስት ተቀብላ ለቤተሰብ ወጪ ብታውለውም ቤቱ በእናንተ ስም እስከሆነ ገቢው የእናንተ ነው። የሚያስፈልጉት የኪራይ ውሉ፣ ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ስቴትመንት፣ የኪራይ ገቢ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ እና የጣራና ግድግዳ ደረሰኝ ናቸው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውል እንዲመዘገብና ክፍያ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ እንዲሆን ስላዘዘ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዱካ አለው። ከዚያ በፊት በእጅ የተከፈለውን በውሉና በግብር ደረሰኙ ደግፉ።

የግብር ደረሰኙ ከእውነተኛው ኪራይ ያነሰ ውል ላይ የተመሠረተ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ 8,000 ብር ብሎ ተመዝግቦ ስቴትመንቱ ላይ በየወሩ 20,000 ከገባ፣ የምታሳውቁት የገባውን ነው፣ የምታካክሱት ግብር ደግሞ በርግጥ የተከፈለውን ብቻ። ሁለቱን ቁጥሮች ለማስታረቅ ደረሰኝ ላይ መጨማመር አይታሰብም። አዲስ አበባ ያለውን ልዩነት በዚያው በገቢዎች አስተካክሉ፤ ተጨማሪ የከፈላችሁትም ደረሰኝ በኋላ ለማካካሻ ይሆናል።

ምንዛሬ

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ማለትም ጁላይ 29 ቀን 2024፣ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የአንድ ዓመት አማካይ መውሰድ ብዙ ያዛባል። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 12,000 ብር በ57 ሲመነዘር 210 ዶላር ነው፣ በ120 ሲመነዘር 100። በ2024 መጀመሪያ ላይ ሠርታችሁ በግንቦት የሄዳችሁ ከሆነ፣ የዓመቱ አማካይ ገቢያችሁንም የከፈላችሁትን ግብርም ከእውነቱ ያሳንሰዋል። ለዚያ ዓመት እያንዳንዱን ክፍያ በተከፈለበት ቀን ምንዛሬ አስሉ፣ የተቆረጠውንም ግብር በዚያው ቀን። ምንጩ አንድ ይሁን፣ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው አትዝለሉ። የጥቁር ገበያ ዋጋ አይገባም። ኤፍባር ግን የራሱ ደንብ አለው፤ የዓመቱን ከፍተኛ ቀሪ ሒሳብ ወስዶ በዲሴምበር 31 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ምንዛሬ ይመነዝራል። ስለዚህ 10,000 ዶላሩ በ2023 ከግማሽ ሚሊዮን ብር አለፍ ያለ ነበር፣ በ2024 ከ1.2 ሚሊዮን በላይ።

ውክልና፣ ትርጉም፣ ማህተም

ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተፈርሞ ይላካል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይቀርባል። «ጠቅላላ ውክልና» የሚለው ቃል ባንክ ላይ አያስኬድም። ተወካዩ ስቴትመንት ጠይቆ መውሰድ፣ ከገቢዎች የግብር ማስረጃ ማውጣት፣ ከቀድሞ አሠሪና ከማህበራዊ ዋስትና ሰነድ መቀበል፣ ከአክሲዮን ማህበር መረጃ መጠየቅ እንደሚችል በስማቸው ይዘርዘሩ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሮቹም ይጻፉ። ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን ለዚህ ሥራ አያስፈልግምና ካልፈለጋችሁ አታስገቡት። ተወካዩ የፋይዳ መታወቂያ ይኑረው፣ እናንተም ዜግነት ቀይራችሁ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን ቅጂ ላኩለት።

ከሁሉም በፊት ግን ያለ ውክልና የሚገኘውን አውጡ። ፔሮል ከቀድሞ የሥራ ባልደረባ በኢሜይል ይመጣል፤ የኪራይ ደረሰኝ አክስት ዘንድ ነው፤ የድሮ ስልካችሁ ውስጥ የባንኩ አጭር መልእክቶች ከነቀናቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሁለት ሦስት ወር ብቻ ነው የሚጎድለው፣ ለዚያም ውክልና ላያስፈልግ ይችላል።

ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት አባል ስላልሆነች፣ የተረጋገጠ ሰነድ የሚጠይቅ አገር ካጋጠመ መንገዱ ውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎ የዚያ አገር ኤምባሲ ነው። የሚጠይቅ ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ አትጀምሩት። ትርጉም ብታሠሩ ተርጓሚው ቁጥሮቹን ወደ ዶላር እንዳይቀይር፣ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመትም እንዳይነካ ንገሩት፤ ብር በብር ይቀመጥ።

ቀኑ ከደረሰና ወረቀቱ ካልደረሰ

አሜሪካ ከኤፕሪል 15 በፊት ፎርም 4868 ከላካችሁ እስከ ኦክቶበር 15 ማሳወቂያው ይራዘማል፤ የሚራዘመው ማሳወቂያው እንጂ ክፍያው አይደለምና ዕዳ ይኖራል ብላችሁ ከገመታችሁ ግምቱን በጊዜው ክፈሉ። ኤፍባር ያለ ማመልከቻ በራሱ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። ኦክቶበርም ደርሶ የጎደለ ወር ካለ በተሰላው ቁጥር አሳውቁ፣ ስሌቱን የሚያሳየውን ወረቀት ከፋይላችሁ ጋር አስቀምጡ። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ሌላ ቁጥር ይዞ ቢመጣ በማስተካከያው ፎርም 1040-ኤክስ ይስተካከላል። የተለመደው የተመላሽ መጠየቂያ ጊዜ 3 ዓመት ቢሆንም፣ ለውጭ አገር የተከፈለ ግብርን ለማካካስ ከሆነ ግን 10 ዓመት አለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ሰው የዘገየውን ደረሰኝ ፍለጋ እንዳያቆም ንገሩት፤ አራት ዓመት ቆይቶ ቢመጣም ይሠራል።